ስለ ባይተዋሩ ሲኒ

በረከቦት ላይ ከሚደረደሩት ስድስት ሲኒዎች አንዱ በሕፃን ክርን ተገፍቶ የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ቤቱ ሲኒ የለውም አይባልም፤ አለው ለማለት ግን ድፍረት ያሻል። አምስቱ ሲጠጡ ስድስተኛው እንግዳ ሲኒ እስኪታጠብለት እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት በባኮም ሆነ በጌዶ፣ በጉደርም ሆነ በአምቦ ነውር ነውና፣ ጉድለቱ አበባው በማይመስል ባይተዋር ሲኒ ይሞላል፤ ያ ባይተዋር ለማን ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ግን ሊቃውንት ጉባኤ ተቀምጠው ቢመክሩበት እንኳ የሚፈታ አይመስለኝም። ለነፍስ አባታችን ቢቀርብ፣ ከምእመናን ለይተን ያከበርናቸው ነው ብሎ የሚተረጕም ይኖራል፣ ከማኅበሩ አወጣናቸው ብሎ የሚተረጕምም አይጠፋም፤ ለጎረቤት ቢቀርብ ቂም ነው፤ ባለቤቴ ለራሷ ስታስቀረው ደግሞ «ኧረ በማርያም፣ ለእኔ ይሁን!» የሚለው ልመና ከዙሪያው ይነሣና አቦሉ በትሕትና ብዛት ይቀዘቅዛል።

ከተረፉት አንዱን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ሱቅ ብወስደው፣ ባለሱቁ ወርቃማ ከንፈሩንና ሰማያዊ አበባውን አገላብጦ አየና «ይሄ አሁን አይመጣም ጋሼ፤ ቢመጣም በነጠላ አንሸጥም» አለኝ። የሌለውን ዕቃ በነጠላ አልሸጥም ማለት ምን ዓይነት ፍልስፍና እንደ ሆነ እስከ ዛሬ እየመረመርሁ ነው። ልዋጭ እያለ በመንደራችን የሚያልፈው ወጣት አበባው ቀይ የሆነ ተመሳሳይ ሲኒ አሳይቶኝ በለውጡ ካፖርቴን ጠየቀ፤ ወዳጆቼም አዲስ አበባ ወጥተህ ምናለሽ ተራን ፈልግ ይሉኛል፤ ከባኮ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ አንድ ሲኒ!

ፍራንሷ ዳንትረኮል የተባለ ፈረንሳዊ ኢየሱሳዊ ካህን (ማኅበሩ በአገራችን የሠራውን፣ ዐፄ ፋሲልም በማኅበሩ ላይ ያደረጉትን ለጊዜው እንተወውና) በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1712 ከቻይና፣ ስለ ጂንግዴዠን የሸክላ ሥራ በላከው ደብዳቤ፣ አንድ የሸክላ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ70 ሠራተኞች እጅ እንደሚያልፍ ጽፏል። 70 ሰው የተረባረበበትን ለማጥፋት ጥርሱን ያልጨረሰ አንድ ፍጡር ይበቃል።

አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን መጽናኛ አላቸው። በሰሜን ካሮላይና ግዛት የመንግሥት ኦዲተር የነበረ ቦብ ፔጅ የተባለ ሰው በዚያው አቆጣጠር በ1981 ሥራውን ትቶ፣ መሠራታቸው የቀረ ሰሃኖችንና ሲኒዎችን እየለቀመ ለጎደለባቸው የሚሸጥ ድርጅት በግሪንስቦሮ ከተማ አቋቁሟል። ነገር ግን የእነዚያ ሲኒዎች ቂጥ የፋብሪካውን ስም፣ አንዳንዴም የአበባውን መጠሪያ ይዟል፤ የእኔ ሲኒ ቂጥ «ሜድ ኢን ቻይና» ብሎ ዝም ይላል፤ በዚህ አድራሻ ማንን ጠርቼ ልጠይቅ?

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በዚሁ በባኮ የግብርና ምርምር ማእከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ፣ በአውሮፓውያን 1993 ከተለቀቀ ወዲህ በስሙና በቍጥሩ ይጠራል፤ ገበሬው ዘሩን በየዓመቱ መግዛት ግድ ቢሆንበትም፣ ወላጆቹ ዝርያዎች ተለይተው ስለሚጠበቁ ያንኑ በቆሎ ደግሞ ማዳቀል ይቻላል። ለበቆሎ የትውልድ ሐረግ ሲጻፍ፣ በእንግዳ ፊት ለሚቀርብ ሲኒ ስም ነፍገው፣ አበባውን በየጊዜው እየለዋወጡ፣ አንዱ በሞተ ጊዜ አምስቱን ደኅነኞች አብረህ ቅበርና አዲስ ደርዘን ግዛ የሚሉን ባለፋብሪካዎች በየትኛው ሕግ ነው? ይህ ንግድ አይደለም፤ በሰው ይሉኝታ ላይ የተጣለ ግብር ነው! የደርዘኑን ዋጋ የሚያስከፍለውም የሲኒው መሰበር ሳይሆን የጎረቤት ዐይን ነው።

ባለሱቁን እንኳ አልቀየመውም፤ እርሱም ያመጡለትን ይሸጣል። ደግሞም የዚህ አገር ሰው ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ ቡና ቀላ ሲበላ ሲኒ የሚባል ነገር ማን ጠየቀው? ይህን ለባለቤቴ ባነሣባት «ታዲያ ለእንግዳ እርሱን አቅርብ» ብላ ዘጋችኝ። ትናንት ደግሞ አንዲት የኢጃጂ ዘመዷ መጥታ ረከቦቱን ገና እንዳየች ጮኸች፤ እርሷም ያንኑ ሰማያዊ አበባ አራት ቀርተዋት ኖሯል። ሁለት እንድንሸጥላት ለመነችን፤ እኛ ደግሞ አንድ ብቻ እንድትሸጥልን ለመንናት። ሁለት ዙር ቡና አልቆ በረካው ሲቀዳም ያለ ስምምነት ተቀምጠን ነበርና፣ እርሷ ባይተዋሩን ሲኒ በእጇ እያሽከረከረች ዘንድሮ በኢጃጂ በኩል ዝናቡ እንዴት እንደ ዘገየ ታወጋን ጀመር።