ለክቡር የጥር መድረክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከጥር ውጭ ያሉ ወራትም ባህል እንዲደርሳቸው ስለመጠየቅ

ክቡር የጥር መድረክ ሆይ፣ ዓመቱን በመጋዘን አሳልፈው፣ ጥር ሲጠባ ብረትዎ ተገጣጥሞ፣ ምንጣፍዎ ተዘርግቶ፣ ባነርዎ ተወጥሮ ብቅ ሲሉ ጎንደር ባህል እንዳላት ታስታውሳለች። በዚያች አንድ ሳምንት እስክስታው፣ ፉከራው፣ ማሲንቆው፣ የባህል ልብስ ትርኢቱ፣ አልፎ አልፎም ‹‹የወጣቶች የፈጠራ ሥልጠና›› የሚባለው ሁሉ በእርስዎ ላይ ይሆናል። እንግዳው ሲሸኝ እርስዎም ይፈታሉ፤ ባህሉም ከምንጣፍዎ ጋር ይጠቀለላል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የሚወርዱት በእርስዎ ትእዛዝ ስላልሆነ በበዓሉ አልከስዎትም፤ ጥምቀት እርስዎ ሳይኖሩም ጥምቀት ነበር። ክሴ ከበዓሉ ጎን ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ኪነ ጥበብ የሚያድገው መምህርና ተማሪ፣ ገጣሚና አድማጭ ዓመቱን ሙሉ በሚገናኙበት ቤት ነው። እርስዎ ደግሞ ሌላው ያስተማረውን ያሳያሉ እንጂ እስካሁን ያስተማሩት አንድም ሰው የለም። ይህን እያወቁ ‹‹ባህላችንን እናሳድጋለን›› የሚል ባነር በግንባርዎ መስቀልዎ ትንሽ ድፍረት ይመስለኛል።

የቆሙበት ሰፈር ራሱ አይፈርድልዎትም። ከአራዳ ገበያ ወጣ ብለው ወደ ፋሲል ግቢ ቢገቡ፣ እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ሣልሳዊ ዳዊት ያሠሩትን አዳራሽ ያገኛሉ። ዛሬም የዘፈን ቤት እየተባለ ይጠራል፤ መንፈሳዊውም ዓለማዊውም ሥርዓት ይካሄድበት ነበር። ንጉሡ የነገሡት አምስት ዓመት ያህል ነው፤ ከአንድ የምርጫ ዘመን አይበልጥም። በዚያች አጭር ዕድሜያቸው ግን ለዘፈን በድንጋይና በኖራ ቤት ሠሩ። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ የእኛ አስተዋፅኦ የብረት ቧንቧ መገጣጠም ሆነ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ግንቡ ጥገና ብዙ ተብሏል፣ ተሠርቷልም፤ ተገቢ ነው። ጥምቀትም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ግንብ ሲሰነጠቅ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። አንድ የማሲንቆ ስልት ከባለቤቱ ጋር አፈር ሲገባ ግን ፎቶ የሚያነሳው ቱሪስት እንኳ አይኖርም። የማይዳሰሱ ቅርሶች የሚመዘገቡበት እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ስምምነት ጥበቃ ሲል ከዘረዘራቸው ተግባራት መካከል ለትውልድ ማስተላለፍ፣ ያውም በትምህርት፣ ይገኝበታል። ማስተላለፍ ሲባል በቀጥታ ሥርጭት ነው ብለው ተረድተውት ከሆነ፣ እንደገና ቢያነቡት መልካም ነው።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ከፈለጉ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጎንደር ከተማ ብዙ ያልራቀች ቡርቧክስ የምትባል የአዝማሪ መንደር አለች። እዚያ ልጁ ማሲንቆን የሚማረው ከአባቱ፣ ከአጎቱ፣ ከታላቅ ወንድሙ ሥር ሆኖ፣ ሠርግና ተዝካር ተከትሎ እየዞረ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው። ጣቱ የፈረስ ጭራውን ክር ሳይለምድ፣ ጆሮው የሰውን ስሜት ሳያነብብ ማንም አዝማሪ አይለውም። ሙያው ደግሞ በመምታትና በማዜም አያበቃም። ከአድማጩ አንዱ ‹‹ተቀበል!›› ይልና ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው እዚያው ይቀበላል፣ ያዜመዋል፣ ከራሱ ይጨምርበታል፣ አንዳንዴም በሰጪው ላይ ያዞርበታል። በዚያች ቅጽበት ግጥሙ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አድማጩ ራሱ ደራሲ ሆኗል። እርስዎ ግን ከሕዝቡ ሁለት ሜትር ከፍ ብለው፣ ፊትዎን በክብር እንግዶች ወንበር አሳጥረው ስለቆሙ ‹‹ተቀበል›› የሚል ድምፅ አይደርስዎትም። ቢደርስም የፕሮግራም መሪው ‹‹ሰዓት የለንም›› ይላል። አዝማሪው ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ የተፈቀደለትን ዘፈን ዘፍኖ፣ እጅ ነስቶ ይወርዳል። በእርስዎ ላይ የሚያጨበጭብለት ሰው በሌላ ቀን ልጁን ሊድርለት የማይወድ መሆኑን ለጊዜው እንተወው።

ስለ ሥልጠናውም አንድ ነገር ልበል። የአገራችን ዎርክሾፕ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ቦርሳና እስክሪብቶ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ ‹‹የማሲንቆ ሚና ለዘላቂ ልማት›› የሚል ጥናት፣ የጋራ ፎቶ፣ አበል። ማሲንቆው ራሱ ሳይመታ ስብሰባው ይዘጋል። ከዚሁ አዳራሽ ትንሽ ራቅ ብሎ በበአታ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጎንደር አቋቋም ማስመስከሪያ አለ። ተማሪው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ዓመታት ይለፋል፤ ሳይበቃ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የለም። መሪጌታውን ‹‹የኪነ ጥበብ አሠልጣኝ›› ቢሏቸው ይቆጣሉ፣ መቆጣታቸውም ልክ ነው፤ እኔ የምለው ስለ ማስተማሪያው ስልት እንጂ ስለ ሃይማኖቱ አይደለም። ደግሞም ያ ቤት የድሮውን ደጋግሞ ብቻ የሚቀመጥ አይምሰልዎ። አለቃ ገብረ ሐና፣ በቀልዳቸው የምናውቃቸው እኚያ ሊቅ፣ የጣናን ሞገድና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው አዲስ አቋቋም እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር ካህናት አልተቀበሏቸውም ይባላል፤ ልጃቸው ተክሌ ግን ይዞት ደብረ ታቦር ገባ፣ ዛሬ ተክሌ አቋቋም እያልን የምንጠራው እሱ ነው። ፈጠራ የመጣው ነባሩን ሥርዓት ጠንቅቀው ከተማሩት ሰው ነው። ከሁለት ቀን ሥልጠና ይህን መጠበቅ ዳዊት ያልደገመን ልጅ ቅኔ ዝረፍ እንደማለት ነው።

አሁን መልስዎን እሰማለሁ። ‹‹እንግዳ የማመጣው እኔ ነኝ፤ ሆቴሉ የሚሞላው፣ ሽመናው የሚሸጠው በእኔ ሳምንት ነው›› ይላሉ። እውነት ነው። ግን በእንግዳ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥበብ እንግዳ ሲቀር ምን ይበላል? በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት መንገዱን አከበደው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ማሲንቆውን ከዝምታ ያተረፈው ከውጭ የመጣ ጎብኚ ሳይሆን ሠርግ ያለው ጎረቤት ነው። ቋሚ ተመልካች ከአራዳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ እንጂ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አይገኝም። በአንድ ነገር ላይ ግን ቀልዴን አቆማለሁ፤ በ2012 ጥምቀት በባሕረ ጥምቀቱ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ለአንድ ቀን ተብሎ የሚሠራ ነገር ዋጋው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ከዚያ በላይ ማስረጃ አልጨምርም።

‹‹ገንዘብ የለም፣ ቤት የለም›› የሚለውም አለ። የአብነት ትምህርት ቤት ስፖንሰር አለው ወይ ብዬ ልመልስ ነበር፤ ነገር ግን የቆሎ ተማሪን ረሃብ አርአያ ማድረግ ነውር ነው፣ ስለዚህ እተወዋለሁ። የተሻለው ማስረጃ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነበር። ፈንድቃ ተራ አዝማሪ ቤት ነበር፤ በዳንሰኛነት የጀመረው መላኩ በላይ አዝማሪውን ሳያስወጣ ጃዝ፣ ግጥምና የሥዕል ማሳያ ጨመረበትና የባህል ማዕከል አደረገው። ሰው በየሳምንቱ ይሄድ ነበር፤ የውጭ እንግዳውም የመጣው የአገሬው ሰው ሞልቶት ስላገኘው ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ‹‹ይኸው፣ ቋሚ ቤትም ይፈርሳል›› ብለው እንዳይደሰቱ። ፈንድቃ ሲፈርስ ከአገር ውስጥም ከውጭም ያዘነ ብዙ ነው፤ እርስዎ በየዓመቱ ሲፈርሱ ግን ከጫኝና አውራጁ በቀር የሚያስታውስዎት የለም።

የቀረው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ ቋሚ ቤት ከተሠራ ካድሬው ይወርሰዋል የሚለው። ታሪክ ይደግፈዋል። በደርግ ዘመን ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ጎንደር ደግሞ ፋሲለደስ የሚባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው፤ መፈክር ከዘፈኑ በላይ ይሰማ የነበረበት ጊዜም ነበር። ይሁን እንጂ ልጆቹ በቋሚነት ይለማመዱ ነበር፣ ከየገጠሩ የተሰበሰበው ዜማ መድረክ አገኘ፤ መፈክሩ ከሥርዓቱ ጋር ሲሞት ዜማው እስከ ዛሬ ይዘፈናል። ደግሞስ ካድሬን ሽሽት ወደ እርስዎ መምጣት ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ማን ሆነና!

ስለዚህ ጥያቄዬን ልናገር። ከሰባቱ ቀናትዎ የአንዱን ቀን ወጪ ለቋሚ ትምህርት ይተዉልን። ለመሸበት መንገድ ስለማይመች የቅዳሜና የእሑድ ከሰዓት ይበቃል። አዳራሹ የትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ የፒያሳው የጣሊያን ዘመን ሲኒማ ቤት ሊሆን ይችላል። ከቡርቧክስ የሚመጣው አዝማሪ ‹‹ተሳታፊ›› ተብሎ አበል ሳይሆን፣ መምህር ተብሎ ደመወዝ ይከፈለው። በየወሩ መጨረሻ ተማሪዎቹ ለሰፈሩ ሰው ይጫወቱ፤ ድራማ የጻፈም ያሳይ፤ መግቢያው የአራዳ ነጋዴም፣ ተማሪም የሚችለው ይሁን፤ አድማጩ ‹‹ተቀበል›› ማለት አይከልከል። የክብር ወንበር አይኑር። ትምህርቱ እርስዎ ተፈትተው ወደ መጋዘን በገቡ ማግስት ይጀመር፤ ባነርዎን ለመጋረጃ እንፈልገዋለንና አጥበው ይላኩልን።

ግልባጭ፦
ለየካቲት፣ ለመጋቢት፣ ለሚያዝያና ለቀሩት ወራት በሙሉ