ሎርድ ሶዝን ከግንቡ ማን አስነሳው?

የዛሬ ልጆች «ክሮስኦቨር» ሲባል፣ ያንዱ ታሪክ ሰው ሌላው ታሪክ ውስጥ ሲገባ ማለት ነው፣ ያጨበጭባሉ። እኔ ግን ሰው ካገሩ ሲነሳ ማን እንደሸኘው፣ ማን እንደተቀበለው፣ መቼ እንደሚመለስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ስጠይቅ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ይለኛል። ጨዋታ መሆኑን አጥቼው ነው? ጨዋታስ ያለ ሕግ ምን ጣዕም አለው?

የሎርድ ሶዝን ነገር እዩልኝ። ሰውየው ድራጎንላንስ የሚባለው ልብ ወለድ ባላባት ነው፤ አገሩ ክሪን። ዓለምን ከመዓት ሊያድን ተልኮ ሳለ ቅናት አሳበደውና ከመንገድ ተመለሰ። መዓቱ ወረደ። ልጁን ከእሳት ማውጣት ሲችል ዝም ብሎ አየ፤ ሚስቱም እየነደደች ረገመችው። እርግማኑ እንግዲህ በተቃጠለ ግንቡ ተቀምጦ፣ ጥፋቱ ማታ ማታ በዜማ ሲነገረው መስማት ነው። ይህን ሰው በ1991 ሌላ ደራሲ ባወጣው ልብ ወለድ (ዘመኑ ሁሉ የፈረንጅ ነው) ጉም አፍሶ ሬቨንሎፍት ወደሚባል ሌላ ዓለም ወሰደው። ግንቡ እዚያ ቀረ፣ እሱ እዚህ! የተረገመ ሰው አገር ሲቀይር ቅጣቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይከተለዋል?

የሚያበሽቀው ደግሞ፣ የሬቨንሎፍቱን ጌታ ስትራድን ፈጥረው በ1983 ያወጡት ትሬሲ ሂክማንና ባለቤቱ ላውራ ናቸው፤ ድራጎንላንስን የጻፈውም ይኸው ትሬሲ ከማርጋሬት ዋይስ ጋር ነው። ያንዱን ሰው ሁለት ልጆች ጎረቤት አገናኝቶ አጣላቸው ማለት ነው። እነ ዋይስ ነገሩን አልወደዱትም፤ ኋላ በጻፉት ድርሰት ሶዝን እዚያው ግንቡ ውስጥ ገደሉት። ደግ አደረጉ።

እንግዳን ሁሉ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። በ2019 የሌላ ታሪክ አውሬ አዳኝ የሆነው ጌራልት «ሞንስተር ሀንተር፦ ወርልድ» የሚባል ጨዋታ ውስጥ ገባ፤ አውሬውን ገደለ፣ ወደመጣበት ተመለሰ። የማንንም ታሪክ አላበላሸም። እንዲህ ያለ እንግዳ ቡና ይፈላለታል።

የባሰው በ1989 መጣ። «ስፔልጃመር» የሚሉት ጨዋታ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ዓለማት፣ ክሪንንም ጭምር፣ በሰማይ በሚቀዝፍ መርከብ አገናኛቸው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም! ክሪን ከመዓቱ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አማልክት ጥለዋት ሄደው፣ በጸሎት የሚፈውስ ጠፍቶ ሕዝቡ በበሽታ አለቀ። ይህ ነው የታሪኩ ሆድ ዕቃ። መርከብ ካለ ግን ከሌላዋ ምድር ከፌሩን አንድ ደግ ካህን ለምን አልመጣም? አዋቂዎቹ ጥያቄው ገብቷቸው ደንብ አወጡ፦ ካህን አምላኩ በማይታወቅበት ሰማይ ትልልቁን ጸሎቱን አያገኝም። መልካም፤ ካህኑን አሰሩት። ጠንቋዮቹንስ? የፌሩኑ ኤልሚንስተር፣ የኦርዙ ሞርደንካይነንና የክሪኑ ዳላማር ካናዳ ድረስ መጥተው በደራሲው በኤድ ግሪንውድ ሳሎን ተሰብስበው ሲያወሩ «ድራጎን» መጽሔት ላይ አንብቤአለሁ። ለወሬ ሲሆን መንገዱ ክፍት ነው። ለበሽተኛ ሲሆን ዝግ!

የክፉውን ጠንቋይ የቬክናን ነገር እንኳ አላነሳም። እሱ በ2000 የበሮች ከተማ የምትባለው ሲጊል ገብቶ ፍጥረተ ዓለሙን ሁሉ አናወጠ፤ ምክንያቱም የጨዋታው ደንብ መጽሐፍ ወደ ሦስተኛው እትም እየተቀየረ ስለነበር ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲንቀሳቀስ ሰማይ ተሰነጠቀ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በክሪን ከመዓቱ ወዲህ ወርቅ ተንቆ፣ ሰው የሚገበያየው በአረብ ብረት ነው። በፌሩን ግን ወርቅ ወርቅ ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል መርከብ ከተመላለሰ ነጋዴዎቹ ምን ነካቸው? አንድ የመርካቶ ልጅ ቢያገኛት ክሪን በሳምንት ውስጥ አንድ ፍንጣሪ ወርቅ አይቀርላትም፤ ፌሩንም ቢላዋ ታጣለች። ከዘንዶ የከፋ ጥፋት በደጃቸው እያለ አንድ ጠቢብ አልጻፈበትም።

ስለዚህ ልጆቹ ባለፈው ቅዳሜ «አባባ፣ አንተም ተጫወት» ሲሉኝ ጎራዴም በትረ ጥንቆላም አልመረጥኩም። አንድ መርከብ፣ ሁለት መቶ መጥረቢያና ሚዛን ጠየቅሁ። የልጅ ልጄ መጽሐፉን አገላብጦ አገላብጦ፣ «ደንቡ አይፈቅድም» አለኝ።

አሁን ነው ደንብ የታወሰህ?