«ማን ነው ይሄን የሠራው?»፦ የቀዳሚን ዝርጋታ ስለ መገምገም

ሌላ ሰው የዘረጋውን የቤት መብራት መስመር መገምገም በባሌዎቹ ከተሞች በሮቤና በጎባ ከራሱ ከዝርጋታው የረቀቀ ሙያ ነው። ዝርጋታ ሽቦ፣ ኮንዲውትና ላብ ይፈልጋል፤ ለግምገማ ግን ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ ከንፈር መምጠጥ ይበቃል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ለሙያው እድገት ጠቅሟል። የጎባው ሠራተኛ የሠራውን የሮቤው ያጣጥለዋል፣ የሮቤውን ደግሞ የጎባው፤ የትራንስፖርቱም ሒሳብ ከባለቤቱ ኪስ ስለሚወጣ በመሀል የሚጎዳ ባለሙያ የለም።

ገምጋሚ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በምጣድ ሰበብ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ከጀርባዋ የሳነቴን አምባ ያዘለች ከተማ ናት። ማታ ብርዱ ሲበረታ እንጀራውም ይጋገራል፣ ስቶቩም ይሰካል፣ ብሬከሩም ይወድቃል። 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት ስቶቭ ሲጨመር 25 አምፔር ይሞላል። መስመሩ በ20 አምፔር ብሬከር የተጠበቀ ከሆነ የብሬከሩ መውደቅ የተቀጠረበትን ሥራ መሥራቱ ነው። ማካፈል የሚችል ተማሪ የሚደርስበት ይህ ማብራሪያ ግን በግምገማው ሙያ ተቀባይነት የለውም። ስሌት ጥፋተኛ አያወጣም፤ ጥፋተኛ ከሌለ ደግሞ ሥራ የለም።

ግምገማው የሚጀመረው በጥያቄ ነው፦ «ማዘር፣ ማን ነው ይሄን የሠራው?» ብይኑ የሚወሰነው በመልሱ እንጂ በሽቦው አይደለም። የተጠራው ስም የማይታወቅ ሰው ከሆነ ቤቱ እስካሁን አለመቃጠሉ የፈጣሪ ቸርነት ነው። የገምጋሚው ዘመድ ከሆነ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዕቃው ነው ያልረባው» ይባላል። ሠሪው ራሱ ገምጋሚው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ (ይህም አያጋጥምም አይባልም) ያኔ ገበያ ላይ ዕቃ አልነበረም።

መሣሪያው ሁለት ነው፦ የስልክ ባትሪና ቴስተር። ቴስተሩ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ይበራል፤ መብራቱም ሶኬቱ ላይ ፌዝ መኖሩን ይናገራል። ስለ ኒውትራሉ መላላት፣ ግራውንዱ ከመሬት ጋር ስለ መገናኘት አለመገናኘቱ፣ የሽቦው ልባስ በግድግዳው ውስጥ ስለ መሰንጠቁ የሚናገረው የለም። የጎደለውን ገምጋሚው ይሞላዋል፣ በቃል።

አንዳንዴ፣ ባለቤቱ አጥብቆ ከጠየቀ፣ አንድ ሶኬት ይፈታል። በካቻቢቴ ሁለት ብሎን ተፈትቶ ፊቱ ወደ ውጭ ሲሳብ ያለው ነገር ይታያል፦ በአንድ ብሎን ሥር የታጨቁ ሦስት የሽቦ ጫፎች፣ ፕላስቲኩ ላይ ቡናማ የቃጠሎ ክብ፣ ሙቀት አቅልጦት ጣት ላይ የሚጣበቅ ናስትሮ። ይህ እውነተኛ ጥፋት ነው። የላላ መጋጠሚያ ለከረንቱ መሰናክል ይሆናል፤ ሙቀቱ ደግሞ በከረንቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ በአምፖል ጊዜ የማይታወቅ መላላት በምጣድ ጊዜ እሳት ይሆናል። የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ፣ አዲስ ልጦ፣ ሶኬቱን ቀይሮ በደንብ ማጥበቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ግን ያስገምታል እንጂ አያስከብርም። ስለዚህ ብይኑ «ሙሉው ይነቀል» ነው።

አሳፋሪው ነገር ብይኑ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው። በአካባቢው መጥፎ ዝርጋታ ሞልቷል፦ ኮንዲውት ሳይገባለት በጭቃ ግድግዳ የተለሰነ ሽቦ፣ ኮርኒስ ላይ ያለ ሳጥን የተቋጠረ መጋጠሚያ፣ በተቃጠለ ባልቦላ ፈንታ የታሰረ የመዳብ ክር። ነገር ግን ደህናውም መጥፎውም ሥራ ያንኑ ብይን ካገኘ ባለቤቱ ከብይኑ የሚያውቀው ነገር የለም። ሁሉንም በሽተኛ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል» የሚል ሐኪምም ከመቶው ጥቂቱን በትክክል ማወቁ አይቀርም።

በተቃራኒው የቆመ፣ ደንበኛ የማይበዛለት ሌላ የአሠራር ስልት አለ። በዚያ ስልት መጀመሪያ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ የእያንዳንዱ መስመር ሽቦ ውፍረት ከብሬከሩ ጋር ይነጻጸራል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመብራት ሽቦ 32 አምፔር ብሬከር ከተደረገለት መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ከዚያ የግራውንዱ ሽቦ ከሶኬት እስከ መሬት ብረቱ ሳይቋረጥ መድረሱ ይፈተሻል። የልባሱ ጤንነት በ500 ቮልት ሜገር ይለካል፤ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከወረደ መስመሩ ይጠረጠራል። ባሌ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያጭድበት፣ ዝናቡም በሁለት ወቅት የሚመጣበት አገር በመሆኑ የመሬት ብረቱ አፈሩ በራሰበት ወር ብቻ ተለክቶ አይታለፍም፤ አፈሩ ሲደርቅ ንባቡ ይከፋል። በመጨረሻ ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ ይፈረምበታል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሲያልቅም «ሁለት ሶኬት ይቀየር፣ ለምጣዱ በ4 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ የራሱ መስመር ይውጣለት» የሚል ድሃ መደምደሚያ ይወጣዋል። ደንበኛ እንዳይበዛለት ያደረገውም ይኸው ነው።

ወረቀት ከተነሳ፣ አገሪቱ የወረቀት ድሃ አይደለችም። የሕንፃ ኮዱ ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ራሱን የቻለ 10ኛ ክፍል አለው፤ የወጣውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ተከትለውታል፤ ለኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ ባለሥልጣንም አለ። ገምጋሚው እነዚህን ሁሉ «ስታንዳርዱ አይፈቅድም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሏቸዋል። የትኛው ስታንዳርድ፣ ስንተኛው አንቀጽ ብሎ መጠየቅ እንግዳ ተቀባይ በሆነ ቤት ነውር ነው።

ብይኑን ነቀላው ይከተላል። የወጣው አሮጌ ሽቦ «ከእንግዲህ አይረባም» ተብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከገምጋሚው ጋር ይሄዳል። ልባሱ ቢያረጅም ውስጡ መዳብ ነው፤ ቁራሌው መዳብን በኪሎ ይገዛል፣ ማን እንደዘረጋውም አይጠይቅም። በዚህ ስሌት ከመረጃዎች ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የቀዳሚው ሠራተኛ ጥፋት ማስረጃ ነው። አዲሱ ዝርጋታም ንድፍ ሳይተውለት፣ ብሬከሮቹ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ሳይጻፍባቸው ይለሰናል። ይህ ግድየለሽነት ሳይሆን ለሙያ አጋር መተሳሰብ ነው፤ ቀጣዩ ገምጋሚ ሲመጣ የሚያነበው ነገር ካገኘ ከንፈር የሚመጥበት ምክንያት ያጣል።

ሙያው የሚፈተነው በአዲሱ መስመር ላይ ብሬከሩ በመጀመሪያው የእንጀራ ማታ ሲወድቅ ነው። ያኔ ቀዳሚ የሚባል ሰው የለም። ጥፋቱ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ይሻገራል፦ «ከመብራት ኃይል ነው፣ ቮልቴጁ ወርዷል።» የቀድሞው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ስርጭቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሰጥም ለወቀሳ የሚያገለግለው አሁንም የድሮው ስም ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዋቤ ሸበሌ ላይ የቆመውና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው መልካ ዋከናም ከነግድቡ ተጠያቂ ይሆናል። ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣድ የሚስበው ከረንት አብሮ ይቀንሳል፤ ብሬከሩም ይበልጥ ማረፍ ነበረበት። ባለቤቱ ግን ስታቢላይዘር እንዲገዛ ይመከራል፤ ይገዛል፤ ምጣዱና ስቶቩ ከነበሩበት ሶኬት ላይም ይሰካዋል።