የሮንሴስቫዬስ ጓዝ፦ ክብደትና የእንግዳ አቀባበል በባስክ ተራሮች

በፒሬኔ ተራሮች ላይ፣ ከፈረንሳይ ድንበር ወዲህ በስፔን በኩል የምትገኘው ሮንሴስቫዬስ፣ ነዋሪዎቿ በጥቂት አስሮች የሚቆጠሩ፣ የተሳላሚ አልጋዎቿ ግን ከ180 የሚበልጡ የናቫራ መንደር ናት። የቅዱስ ያዕቆብን መካነ መቃብር ለመሳለም ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከፈረንሳዩ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ ውሎ የሚያድረው እዚህ ነው። ስለ መንደሯ ጦርነት፣ ስለ ጎቲክ ቤተ ክርስቲያኗና ስለ ጭጋጓ ብዙ ተጽፏል። ሊቃውንት በቸልታ ያለፉት ጓዝን ነው። ይህ ጥናት የሚከተለውን ያቀርባል፦ በባስክ ተራሮች እንግዳ የሚገጥመው ዕጣ የሚወሰነው በሃይማኖቱ፣ በዘሩ ወይም በጠባዩ አይደለም፤ በተሸከመው ነገር ክብደት ነው። ሸክሙ በከበደ ቁጥር አቀባበሉ ይከፋል። ሕጉ 1200 ዓመት አልፎታል፤ የሻረው እስካሁን አልተገኘም።

የመጀመሪያው ማስረጃ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 778 ላይ የተመዘገበው ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ከስፔን ዘመቻው ሲመለስ የፓምፕሎናን ቅጥር አፍርሶ በዚህ በር ወደ አገሩ ተሻገረ። እሱ በደህና አለፈ። ከኋላ የሚከተለውን ደጀን ግን ባስኮች ከጫካ ወርደው ፈጁት፤ ጓዙን ዘረፉና በጨለማ ተበተኑ። የንጉሡን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድ ለሽንፈቱ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፦ አንዱ የቦታው አስቸጋሪነት፣ ሌላው የፍራንኮች ትጥቅ ክብደት። ባስኮቹን የጠቀማቸው የትጥቃቸው ቅለት እንደነበር ሳይደብቅ ጽፏል። በስም ካነሣቸው ሦስት ሟቾች ቀዳሚው ደግሞ የንጉሡ ማዕድ አዛዥ ኤጊሃርድ ነው። የማድቤት ዕቃ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ቤት ቀይሮ የሚያውቅ ሁሉ ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም። ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ የተገጠመው «የሮላንድ መዝሙር» ባስኮቹን ከታሪኩ አስወጥቶ በምትካቸው እልፍ አእላፍ የሙስሊም ሠራዊት አሰለፈ፤ የጦሩን ሁሉ ክብርም ከሦስቱ ሟቾች አንዱ ለሆነው ለሮላንድ ሰጠ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ባለቅኔው ሳያስበው ያቆየልን መረጃ ነው፦ ሮላንድ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ቀንደ መለከት ይዞ ነበር፤ ርዳታ ጥራበት ሲሉትም እምቢ ብሎ፣ የነፋው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በጊዜው ያልተነፋ ቀንደ መለከት፣ በየትኛውም መመዘኛ ትርፍ ጓዝ ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ይታወቃል። ባስኮቹ የተቆጡት ከተማቸው ቅጥሯ ስለፈረሰ እንጂ ስለ ድስት አይደለም ይላሉ። ቁጣውን አንክድም። ቁጣ ግን የሚያስረዳው ሰዎቹ ለምን እንደሸመቁ ነው፤ ለምን የሠራዊቱን ጭራ እንደመረጡ አያስረዳም። ቅጥሩን ያስፈረሰው ንጉሥ ከፊት ነበር። በቀል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፊት በጀመሩ ነበር። ንጉሡን አሳልፈው ከኋላ የመጣውን ጠበቁ፤ ከኋላ የመጣው ጓዝ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኤምሪ ፒኮ በሚባል ፈረንሳዊ ቄስ እንደተጻፈ የሚነገርለት የተሳላሚዎች መምሪያ ስለ ባስኮችና ስለ ናቫራ ሰዎች የሚናገረው ክፉ ነገር እጅግ ብዙ ነው፤ አንድን ሕዝብ በዚህ መጠን ጠልቶ የመንገድ መሪ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ዛሬ አሳታሚ ማግኘቱን እንጠራጠራለን። ከስድቡ መካከል ግን አንድ የሚጨበጥ ነገር አለ። የኬላ ቀራጮች ሁለት ሦስት ዱላ ይዘው ተሳላሚውን መንገድ ላይ ይቀበሉታል፣ አልከፍልም ያለውንም ደብድበው እስከ ውስጥ ሱሪው ይፈትሹታል ሲል ይከሳል። ቀረጥ የሚገባው ከነጋዴ ብቻ እንደነበርም ያስረዳል። እንግዲህ ቀራጩን ከጥላቻ ነፃ ሆነን እንየው። ተራራ ላይ ቆሟል፣ ጭጋግ ነው፣ ከታች አንድ ሰው እያለከለከ ይመጣል። ነጋዴ ይሁን ተሳላሚ በምን ይለየዋል? በእምነቱ እንዳይሆን እምነት አይታይም። የሚታየው ጭነቱ ነው። ፍተሻው ጭካኔ ነበረበት፤ ጥያቄው ግን ሳይንሳዊ ነበር።

ከዚህ የጠነከረ ተቃውሞ አለ፤ እሱም የንጉሥ ሳንቾ ሰባተኛ ጉዳይ ነው። የናቫራው ሳንቾ በ1212 በላስ ናቫስ ዴ ቶሎሳ ጦርነት ተዋግቶ፣ የአልሞሃዶቹን ኸሊፋ ድንኳን የከበበውን ሰንሰለት ሰብሮ እንዳመጣ ይተረካል። ሰንሰለቱ የናቫራ አርማ ሆኗል፤ ቁራጮቹም ዛሬ ሮንሴስቫዬስ ውስጥ ከመቃብሩ አጠገብ ይታያሉ። ከብረት ሰንሰለት የከበደ ጓዝ ማን ተሸከመ? ሰውየው ግን አልተዘረፈም፤ ጭራሽ በክብር ተቀበረ። ለዚህ መልሳችን ሁለት ነው። ሳንቾ እንግዳ አልነበረም፤ ሕጉ የሚመለከተው እንግዳን ነው። ደግሞም በመቃብሩ ላይ የተጋደመው ሐውልት ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቁመቱም በሕይወት ሳለ ይህን ያህል እንደነበር ይነገራል። ከጓዙ በላይ የሚከብድ ሰው ሲመጣ ቀራጭ መንገድ ይለቃል።

ባስኮች ራሳቸው ክብደት ይወዳሉ፣ ድንጋይ ማንሣት ባህላዊ ስፖርታቸው አይደለም ወይ የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው። የሌይትሳው ኢኛኪ ፔሩሬና ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድንጋይ ትከሻው ላይ አውጥቷል። ነገር ግን ስፖርቱን ልብ ብሎ ያየ አንድ ነገር ያስተውላል፦ ድንጋዩ ይነሣና እዚያው ይወርዳል። ወደ ሳንቲያጎ ይዞት ለመሄድ ያሰበ ባስክ የለም። ነዋሪዎቹ ጓዝን በተመለከተ ያላቸው ጥበብ ሌላም ቦታ ይታያል። በድንበሩ መንደሮች ለብዙ ትውልድ ኮንትሮባንድ በሌሊት ይሻገር ነበር፤ ጨለማው ጓዙን ባያቀልለትም ቀረጡን ያቀልለት ነበር። በምሥራቅ በኩል ባለው የሮንካል ሸለቆ ደግሞ በ1375 በተሰጠ የሽምግልና ፍርድ መሠረት፣ ከፈረንሳይ ወገን ያሉት የባሬቱ ሰዎች ዛሬም በየዓመቱ ጁላይ 13 ሦስት ላሞች ያስረክባሉ። ከተራራ ማዶ የሚመጣ ግብር በራሱ እግር እንዲመጣ መፈረድ ነበረበት፤ ተፈረደም። ስምምነቱ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በሌላ ምክንያት ነው የሚል ካለ፣ ግብሩ ሦስት ወፍጮ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ያስብ።

ሄሚንግዌይን በአጭሩ እንለፈው። በ1920ዎቹ ከሮንሴስቫዬስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ቡርጌቴ አርፎ ዓሣ አጥምዷል፤ በ1926 ባሳተመው ልቦለዱም ገጸ ባሕርያቱን በአውቶብስ ወደዚያው ላካቸው። ወይናቸውን በምንጭ ውሃ አቀዝቅዘው ጠጡ፣ ዓሣቸውን አጠመዱ፣ በሰላም ተመለሱ። ጓዛቸው ወይን ስለነበር በቆዩ ቁጥር ይቀል ነበር፤ ቀራጭ የለም፣ ሽምቅም የለም።

የዘመናችን ተሳላሚ ሕጉን ሳይሰማው ተቀብሎታል። የጀርባ ቦርሳ ከተሸካሚው ክብደት አንድ አሥረኛ አይብለጥ የሚለው ምክር ለጀማሪ ሁሉ ይነገራል። የሰው ልጅ ግን ምክር የሚሰማው ከዳገቱ በኋላ ነው። መንገዱ ከ170 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ1400 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ 950 ሜትር ይወርዳል፤ በዚህ መካከል የፀጉር ማድረቂያ፣ ሁለተኛ ጫማና ወፍራም መጽሐፍ ትርጉማቸው ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች ተጥሎ የሚቀረው ዕቃ የ778ቱን ዘረፋ በፈቃደኝነት መድገም ነው፤ ልዩነቱ ባስኮቹ መድከም የሌለባቸው መሆኑ ብቻ ነው። አንዳንዱ ተሳላሚ ግን ሆን ብሎ ከአገሩ ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሳምንት ተሸክሞት ሄዶ ሊዮን ክፍለ ሀገር ባለው የብረት መስቀል ሥር ያኖረዋል። ይህ ሕጋችንን ያፈርሳል እንዳይባል፣ ድንጋዩ የሚራገፈው ከባስክ ምድር ወጥቶ ከራቀ በኋላ መሆኑን እናስታውሳለን። የናቫራ ሰው የሌላ አገር ድንጋይ አይፈልግም፤ የራሱ አለው፤ ያውም 300 ኪሎ።

ቀሪው ችግር ቦርሳውን በመኪና የሚልከው ተሳላሚ ነው። ዛሬ የስፔን ፖስታ ቤትም ሆነ ሌሎች አመላላሾች ቦርሳን ከመንደር መንደር ያደርሳሉ፤ ባለቤቱ ውሃና ዳቦ ይዞ ይከተላል። ይህ ተሳላሚ አይደለም የሚሉ ጥብቅ ሰዎች አሉ፤ የመኪና ቦርሳ የማይቀበሉ ማረፊያዎችም አሉ። የሳንቲያጎ ካቴድራል ግን የምስክር ወረቀት ሲሰጥ የሚጠይቀው ሰውየው ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መሄዱን ነው፤ ቦርሳውን አይመዝንም። ከጥናታችን አንጻር የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቦርሳው ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባል። ሱቁ ክፍት፣ ሽማግሌዎቹ ደጅ፣ የዳቦው ሽታ ገና ሳለ በሩ ሥር ተቀምጦ መንደሩን ያያል። ባለቤቱ ደርሶ የተሳላሚ ፓስፖርቱን ማኅተም አስመትቶ፣ ካልሲውን አጥቦ፣ እግሩን ዘርግቶ ቀና ሲል ሱቁ ለከሰዓት ዕረፍት ተዘግቷል፤ በነጋታውም ሳይነጋ ይወጣል። ከሁለቱ መንደሩን የጎበኘው የትኛው እንደሆነና የምስክር ወረቀቱም ለማን እንደሚገባ ካቴድራሉ እስካሁን ብይን አልሰጠም።