የራፕ ግጥሚያ ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 3/1

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

መግቢያ

ጉሮሮውን የጠረገ ሁሉ ራፐር፣ ወንበር ያገኘ ሁሉ ዳኛ ነኝ ማለት ስላበዛ፤

አንጋፋው በትዝታ፣ አዲስ ገቢው ደግሞ ከኋላው ባሰለፋቸው የሰፈር ልጆች ጩኸት ነጥብ መልቀማቸው ማብቃት ስላለበት፤

አያቶቻችን ዛፍ ሥር “በላ ልበልሃ” ተባብለው ሲሟገቱ ዳኛው ቃልን እንጂ ዘመድን እንዳይመዝን ይጠበቅበት ስለነበር፤

እኛ ከመድረኩ ፊት ለፊት በሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች የተሰየምን ዳኞች፣ ማንም ሳይወክለን፣ ራሳችን ለራሳችን በሰጠነው ሥልጣን መሠረት የሚከተለውን አውጀናል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የራፕ ግጥሚያ ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 3/1” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሦስቱ ዙሩ ነው፤ አንዱ ማይኩ።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “ግጥሚያ” ማለት ሁለት ሰዎች በግጥም የሚጋጠሙበት፣ ምላስ እንጂ እጅ የማይሰነዘርበት ጠብ ነው።

ለ) “አንጋፋ” ማለት ስሙ ከእሱ ቀድሞ መድረክ የሚደርስ ተጋጣሚ ነው።

ሐ) “አዲስ ገቢ” ማለት ያንኑ ስም ነጥቆ ለመሄድ የመጣ ተጋጣሚ ነው።

መ) “መዝረፍ” በቅኔ ቤት የራስን አዲስ ቅኔ ማሰማት ነው። በዚህ መድረክ ግን ቃሉ በወንጀል ሕግ ያለውን ትርጉም እንደያዘ ይቆያል።

ሠ) የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ነጥብ አሰጣጥ

አንቀጽ 3፦ ጩኸት ነጥብ ስላለመሆኑ

1. በ1981 በታኅሣሥ ወር፣ በኒው ዮርኩ ሃርለም ወርልድ ክበብ፣ ቢዚ ቢ የተባለ የመድረክ ንጉሥ ነበር። ሙያው ሕዝብ ማስጮህ ነው፤ እጅ አንሱ ሲል እጅ ይነሳለታል። ተጋጣሚው ራፐር ኩል ሞ ዲ ማይኩን ሲጨብጥ ግን ጭፈራውን ትቶ ስለ ቢዚ ቢ ራሱ ተናገረ። ስሙን፣ አመሉን፣ ግጥሙን አንድ በአንድ እየበለተ አወረደው።

2. ስለሆነም አዳራሽን ማስጮህና ተጋጣሚን ዝም ማሰኘት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸው ታውቆ፣ ነጥቡ ለሁለተኛው ይሰጣል። ለመጀመሪያው ውኃ ይቀርብለታል።

አንቀጽ 4፦ ዕድሜና ጾታ የማይመዘኑ ስለመሆናቸው

1. ያው ቢዚ ቢ በ1985፣ በኒው ሚውዚክ ሴሚናር ውድድር ፍጻሜ፣ የ15 ዓመቷን ራፐር ሮክሳን ሻንቴን ገጥሞ አሸናፊ ተባለ። ሻንቴ ግን ከዳኞቹ አንዱ ሆን ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ እንደሰጣት፣ ምክንያቱም ልጅ እግር ሴት መንገሧን ለሙያው ክብር ስላልወደደው እንደሆነ ስትናገር ኖራለች።

2. እንዲህ ከሆነ ሰውየው የወረደው በግጥም፣ የወጣው በእስክሪብቶ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የዳኛ እስክሪብቶ ግጥም አይገጥምም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ደብተር

በ2012 ካኒበስ የተባለው አንጋፋ ራፐር ዲዛስተርን ሲገጥም፣ ግጥሙ መሐል ላይ ጠፍቶበት ደብተር አውጥቶ አነበበ። ዝናው ተራራ ያህል ነበር፤ ደብተሩ ግን ከተራራው ከበደ። ማንበብ የተፈቀደው በቤተ መጻሕፍት ነው።

አንቀጽ 6፦ ስለ ሬሳ ሳጥን

በዚያው ዓመት ራፐሩ ሎድድ ለክስ ካሊኮን ሊገጥም ሲመጣ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደራጅቶ፣ ሬሳ ሳጥን አሸክሞ ገባ። ሳጥን ነጥብ አያስገኝም፤ ግን ለክስም አንጋፋ ሲሆን ሳጥኑን የሚሞላ ግጥም ይዞ ነበር። ዳኛ ሆይ፣ ሳጥኑን ለአናጺው ተውና ውስጡን ዳኝ።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ዳኛው

አንቀጽ 7፦ የተከለከሉ ድርጊቶች

ማንኛውም ዳኛ፦

ሀ) አንጋፋውን “ጋሼ”፣ አዲስ ገቢውን “ማሙሽ” ብሎ መጥራት፤

ለ) ያልገባውን መስመር ሰምቶ ራሱን በጥልቀት መነቅነቅ፤

ሐ) እጁን ከማንሳቱ በፊት አዳራሹ ወዴት እንደሚያዘነብል በዓይኑ መስረቅ፤

መ) “ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው” ብሎ አቻ መፍረድ አይችልም። ማስታረቅ ያማረው ሽማግሌ ጋቢውን ደርቦ ወደ ሰፈሩ ይሂድ፤ እዚያ ጠብ አይጠፋም።

አንቀጽ 8፦ ስለ ዝምድና

ከተጋጣሚዎቹ ከአንዱ ጋር ሥጋ ዝምድና፣ አበልጅነት ወይም ያልተከፈለ ብድር ያለበት ዳኛ ከወንበሩ ይነሳል።

ክፍል አራት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

አንቀጽ 9፦ የተሻሩ ሕጎች

“ለታላቅ ቅድሚያ” የሚለው ልማድ በማዕድ ዙሪያና በታክሲ ወንበር ላይ እንደጸና ይቀጥላል። ከመድረክ ላይ ግን ተሽሯል። አንጋፋ የትናንት ክብሩን ማንም አይወስድበትም፤ ዛሬ ማታ የሚመዘነው የዛሬ ማታ ግጥሙ ነው።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ማይኩ ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ማስታወቂያ

አዋጁ ከጸና በኋላ በተደረገ ማጣራት፣ ከፈራሚዎቹ አንደኛው የአንጋፋው አበልጅ፣ ሁለተኛው የአዲስ ገቢው አጎት ሆነው ተገኝተዋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ተበድሯል። በአንቀጽ 8 መሠረት ሦስታችንም ተነስተናል።

ተመልካች ሆይ፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። አጨብጫቢ እጅህን ኪስህ ከተህ፣ ጆሮህን ይዘህ ናና ተቀመጥ።