ንብንና ተርብን ያለ ኬሚካል ከቤት ስለማራቅ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

አደይ አበባ ከሚፈነዳበት ከመስከረም ጀምሮ በከተማ ቤቶች ውስጥ የሚታይ አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ አለ። ቀኝ እጅ ከጆሮ በላይ ይነሣል፤ አንገት ወደ ትከሻ ይገባል፤ ግራ እጅ የያዘውን ስኒ ይለቃል። እንቅስቃሴው ከእስክስታ ዘርፍ ያልተመደበው ከበሮ ስለሌለው ብቻ ነው። መነሻው ክብደቷ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ የሚያህል ንብ ናት። ይህ ጥናት ንቧንና የአክስቷን ልጅ ተርብን ከመኖሪያ ቤት ለማራቅ በየሰፈሩ ሲመከሩ የኖሩትን ተፈጥሯዊ ዘዴዎች ይመረምራል።

ርዕሱ አዲስ መሆኑን ማስገንዘብ ያስፈልጋል። አባቶቻችን ንብን ስለማራቅ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተዉልንም፤ ድካማቸው ሁሉ ስለማቅረብ ነበር። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት ይተረካል። እናቱ ነገሩን የንግሥና ምልክት አድርገው ተቀበሉት እንጂ «ኧረ መስኮቱን ዝጉ!» አላሉም። በገጠር ቀፎ ከቤት ክፈፍ ሥር ይሰቀላል። በከፋና በሸካ ጫካ ደግሞ ሰው ቀፎ ተሸክሞ ረጅም ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ጉዳዩም ንብን «እባክሽ ግቢልኝ» ለማለት ነው። በዘመናችን ባንክ በስሟ ተከፍቷል፤ ኢሕአዴግም የምርጫ ምልክቱ አድርጓት ዓመታት ቆይቷል። በምርጫ ወረቀት ላይ ሳለች ሕዝቡን ለሁለት የከፈለች ንብ ስኳር ዕቃ ላይ ስታርፍ ግን የምትቀሰቅሰው ስሜት ከማንኛውም ፓርቲ ነጻ ነው።

ከሰፈር ምክሮች ሁሉ ቀዳሚው ጠጅ ሳር ነው። «በር ላይ ትከይው፣ ንብ ድርሽ አይልም» ይባላል። እዚህ ላይ ጥናቱ ትንሽ ለመቆየት ይገደዳል። ሠራተኛ ንብ እህቶቿን «ቤቱ እዚህ ነው፣ ኑ» ብላ የምትጠራው ከሆዷ ጫፍ አካባቢ ካለ ዕጢ በምትለቀው ሽታ ነው። ሽታው ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ሲትራል ይባላል፤ ጠጅ ሳርን ያን የሎሚ የሎሚ የሚል መዓዛ የሚሰጠውም ይኸው ሲትራል ነው። ንብ አናቢዎች ባዶ ቀፎ ውስጥ የጠጅ ሳር ዘይት ጠብ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው፦ መንጋ እንዲገባላቸው። እንግዲህ ደጃፏ ላይ ጠጅ ሳር የተከለች እመቤት በንቦች ዘንድ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋለች፤ ያውም ያለ ደላላ። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ተርብ በአንጻሩ ከዚሁ ዘይት ሽታ እንደምትሸሽ በሙከራ መታየቱ ነው። አንዱ ተክል አንዷን የአክስት ልጅ አባሮ ሌላዋን ይቀበላል። ይህን ያህል ግልጽ አድልዎ በሌላ የጓሮ ተክል ላይ አልተመዘገበም።

ቅርንፉድ የተሰካበት ግማሽ ሎሚ በተርብ ላይ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ የቅርንፉድ ዘይት ተርብን ከሚያርቁት ዘይቶች አንዱ ነው። ድክመቱ ሽታው ቶሎ መትነኑ ነው። ሁለተኛው ድክመት ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲመጣ ቅርንፉዱ ለሻይ እየተነቀለ መወሰዱ ነው።

ስለ ጭስ ብዙ ተብሏል። ማር ቆራጭ ኩበት የሚያጨሰው በከንቱ አይደለም፤ ጭስ ንቦች «ተነሡ፣ ተነክተናል» የሚባባሉበትን ሽታ ይሸፍነዋል፣ እነሱም ቤታቸው የተቃጠለ ያህል ወደ ማሩ ገብተው ሆዳቸውን ይሞላሉ። የጠገበ ሰው ጠብ እንደማይወድ ሁሉ ንብም እንዲሁ ናት። ከዚህ በመነሣት የቡና ዕጣን ንብ ያባርራል ብለው የሚከራከሩ አሉ። የዘነጉት ነገር ጭስ ሥራውን የሚሠራው ቀፎው አፍ ላይ መሆኑን ነው፤ ለቀለብ የወጣች ንብ የምትጠብቀው ቤትም ልጅም አጠገቧ ስለሌለ ከዕጣኑ ጋር ጉዳይ የላትም። ጉዳይዋ ከስኳሩ ጋር ነው። ስኳሩም ክዳኑ ተከፍቶ ረከቦቱ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ የት እንዳለ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ለሌላ ዕቃ ተመድቦ ማገልገል ከጀመረ መቆየቱ ነው።

ተርብን በተመለከተ ሁለት ዓይነቶችን መለየት ግድ ይላል። አንዷ የአጥር እንጨት ፍቃ፣ በምራቋ አላቁጣ ከክፈፍ ሥር የወረቀት ቤት የምትሠራው ናት። ይህችን ለማታለል የተነፋ የወረቀት ከረጢት ይሰቀላል፤ የሌላ ተርብ ርስት መስሏት ትሸሻለች ይባላል። ተርቦች ግን ከከረጢቱ ጎን ቤት ሲሠሩ ታይተዋል፤ ምናልባት ጎረቤት ናፍቋቸው ይሆናል።

ሁለተኛዋ ጭቃ በአፏ እያመላለሰች ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከኮርኒስ ጥግ፣ አንዳንዴም ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ ውስጥ የምትገነባው ናት። ካርታ የላትም። የግንባታ ፈቃድ አላወጣችም። ቤቷ በከተማ አስተዳደር ቋንቋ ጨረቃ ቤት ነው፤ ልዩነቱ በጠራራ ፀሐይ መሠራቱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል መርዟን ወግታ ሽባ ያደረገቻቸውን ሸረሪቶች ለልጇ ስንቅ አድርጋ ታሽጋለች። ብቻዋን ስለምትኖር የምትጠብቀው መንግሥት የላትም፣ ሰው መንደፍም ልማዷ አይደለም። ይህም ሆኖ አባወራው መጥረጊያ ይዞ ወንበር ላይ በመውጣት የማፍረስ ዘመቻ ያካሂዳል። ሲፈርስባት ሌላ ጥግ ትጀምራለች፤ ምትክ ቦታ ወይም ካሳ ጠይቃ አታውቅም። አባወራው በዘመቻው ማግስት ስለ ሸረሪት መብዛት ያማርራል።

ስለ ሩጫ። «ሩጥ!» የሚለው ምክር በተለይ ንብ ቤት ውስጥ ስትገባ ከአራት አቅጣጫ ይሰማል። ንብ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር አማካይ ፍጥነቱ ከዚህ በጥቂቱ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ምክሩ ለመሥራት የሚቃረበው ለአንድ አባወራ ብቻ ነው፤ እሱም በወቅቱ ብቃቱ፣ በመሮጫ ጫማና ሶፋ በሌለበት ሳሎን ውስጥ።

የልብስ ጉዳይ ይበልጥ ተስፋ ሰጪ ነው። ንብ የምትጠረጥረው ጥቁርና ጠጉራም ነገርን ነው፤ ቀፎ ሲዘርፏት የኖሩት አውሬዎች እንዲያ ናቸውና። የንብ አናቢ ልብስ ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በዓለም ላይ ለንብ ከሁሉ የተሻለ የተዘጋጀ ሕዝብ መሆን ነበረበት። ሆኖም ነጠላ በተግባር የሚውለው ለመልበስ ሳይሆን ለማውለብለብ ነው። ማውለብለብ ደግሞ ንብን ከሚያስቆጡ ነገሮች አንዱ ነው። ተመትታ የወደቀች ንብ በበኩሏ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትለቃለች፤ ትርጉሙ «እዚህ ጋ ነው፣ ድረሱ» ነው። ድል አድራጊው ነጠላውን አራግፎ ወደ ቡናው ሲመለስ ጥሪው ተላልፏል። የተነደፈ ሰው እሾሁን በጥፍሩ ፍቆ ቶሎ ያውጣ፤ መርዙን መርጨት የሚቀጥለው እሾሁ ነው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ግን ነጭ ሽንኩርት ይዘው የመጡትን ጎረቤት አመስግኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጥናቱ በዚህ ነጥብ ላይ አይቀልድም።

ወጥመድ ከተፈለገ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ተቆርጦ፣ ቁልቁል ተገልብጦ እዚያው ውስጥ ይሰካል፤ ከሥር ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ከጥቂት አቼቶ ጋር ይጨመራል። አቼቶው ተርብን አይከለክልም፣ ንብን ግን ያርቃል። ወጥመዱ ከቤት ራቅ ተደርጎ መሰቀል አለበት፤ የቡናው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ተጨማሪ መቀበያ ከፍቷል።

የቀረው ትልቁ ጉዳይ መንጋው በሙሉ መጥቶ ቆርቆሮውና ኮርኒሱ መሃል ሲሰፍር ያለው ነው። እዚህ ላይ ሳይንስ ለኢኮኖሚክስ ቦታውን ይለቃል። በትግራይና በአማራ አንዳንድ አካባቢዎች የንብ መንጋ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ገበሬው ገንዘብ ቆጥሮ ይገዛዋል። የከተማው ሰው ደግሞ ያንኑ መንጋ የሚያነሣለት ሰው ፍለጋ ገንዘብ ይቆጥራል። ንብ አናቢው ባዶ ቀፎ ይዞ ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች እኩል ትክክል ናቸው፦ ባለቤቱ «ንብረት ልትወስድ መጥተህ እንዴት ክፈል ትለኛለህ?» ይላል፤ ንብ አናቢው «ጌታዬ፣ ይኸን ያህል ዋጋ ካለው ለምን እንዲለቅዎት ይፈልጋሉ?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ በሰከነ መንፈስ፣ ከበሩ ውጭ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ይካሄዳል።

መፍትሔው እስካሁን የተገኘው አጥር ላይ ሆነው ነገሩን ሲከታተሉ ከቆዩ አንዲት እናት ነው። ማንም ለማንም አይክፈል፣ ነገር ግን ኅዳር ሲደርስ ከመጀመሪያው ቆረጣ አንድ ኪሎ ለባለቤቱ፣ ግማሽ ኪሎ ደግሞ ለአስታራቂዋ ይምጣ። ሁለቱም ተስማምተዋል። ስምምነቱ የቃል ነው፤ ንቦቹ አልፈረሙም።