ሰማዩም ይታይ፣ ገደሉም ይታይ

የቦረና ደጋ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ አይራራም። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚያወርደው አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከላይ ዓይን የሚወጋ ሰማይ፣ ከታች ገና ጥላ ያልለቀቀው ገደል ያያል። ዓይን ሁለቱንም ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል። ካሜራ ግን ያዳላል፤ ሰማዩን ሲያሳምር ገደሉ ጥቀርሻ ይሆናል፣ ገደሉን ሲያበራ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ኤች ዲ አር የሚባለው ዘዴ ሁለቱን ለማስታረቅ የመጣ ሽማግሌ ነው። አንዱን ቦታ ደጋግመው ያነሱታል፤ አንዴ አጨልመው ለሰማዩ፣ አንዴ በልኩ፣ አንዴ አፍክተው ለጥላው። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ከየፎቶው ደህና ደህናውን መርጦ ያዋህዳል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የባሕሩን ኔጋቲቭ ከደመናው ኔጋቲቭ ጋር አጋጥሞ ያትም ነበር። እነ ፖል ዴብቬክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የኮምፒዩተር ስሌት አወጡለት።

ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፤ ካሜራው አይነቃነቅ፣ የሚነሣውም አይነቃነቅ። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ደንቆሮ ጫካን እንዳልረገጠ እምላለሁ። ጫካው ባለበት በቦረና ሳይንት ፓርክ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ ጓሳውን ያስተኛል፣ አስታውን ያወዛውዛል፣ ትራይፖዱንም ይገፋል። ቀጥ ብሎ የሚጠብቃችሁ ጅብራ ብቻ ነው። ጭላዳማ ምን በወጣው! በመጀመሪያው ምት ሣር ይነጫል፣ በሁለተኛው ዞር ይላል፣ በሦስተኛው ሄዷል። ኮምፒዩተሩ ሦስቱን ሲያዋህድ አንድ ጭላዳ ሁለት ጭራ ያበቅላል።

አንድ እረኛ አጠገቤ ቆሞ ሲታዘብ ቆይቶ፣

«ጋሼ፣ አልወጣ እያለ ነው የሚደጋግሙት?» አለኝ።

«አንዱ ለሰማዩ ነው፣ አንዱ ለመሬቱ።»

«አንድ ላይ አይደሉም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም።

ማታ ያረፍኩበት ቤት ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ጥላውን አባረረ፣ ደመናውን አጠቆረ፣ ሣሩን አለመለመ፣ በተራራው ጫፍ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል የብርሃን አክሊል ደፋ። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ጠጋ ብለው አዩት።

«ውይ፣ ይሄ የት አገር ነው?»

«እዚሁ ነው እትዬ፣ ዛሬ ያነሳሁት።»

«በጥር ይሄን የሚያህል ልምላሜ ካለ ከብቶቻችን ምን አከሳቸው?» አሉና፣ ፊቴን አይተው «አብሽር» ብለው ሁለተኛውን ቀዱልኝ።

ሴትዮዋ ልክ ናቸው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ አይስሉም፤ ፊቱም ልብሱም እኩል ይበራል። እነሱ ግን የሳሉት ቅዱሳንን ነው፤ ፕሮግራሙ ያን ሁሉ ብርሃን ያለበሰው የተጋጠ መስክ ነው።

ደግሞ አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ይህን ሁሉ በኪስ ውስጥ ይሠራዋል፤ ዛሬ አብዛኛው ስልክ ሳይጠየቅም ያዋህዳል። ያም ሆኖ በትልቁ ካሜራ እሞክራለሁ የሚል ካለ፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ይውጣ፣ ትራይፖዱ ላይ ድንጋይ ያንጠልጥልበት፣ የቀለሙን ማንሸራተቻ ከግማሽ አያሳልፍ፣ ለገደሉም ጥቂት ጥላ ይተውለት፤ አለዚያ ዓባይ ሜዳ መስሎ ይወጣል። ጭላዳውን ግን በአንድ ምት ያንሳው።